ለወሎ ዳገት ጋደም ተብሎ የሚነዳ ብስክሌት ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት በመኪና ስትወጡት የሚሰማችሁ ኩርባው ነው። በፔዳል ሲሆን ግን ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት አለ። በዚህ መንገድ ላይ ጋደም ተብሎ የሚነዳ ብስክሌት ለመንዳት ላሰባችሁ የማውቀውን ጀባ ልበላችሁ። ወንበሩ መደገፊያ አለው፣ ፔዳሉ ከፊት ነው፣ እግር ተዘርግቶ ይመታል። ወገቡን ለሚያመው ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ችግሩ አመራረጡ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚማረከው በፍጥነቱ ነው። ዝናውም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ በእንዲህ ያለ ብስክሌት በ1 ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቶ ክብረ ወሰን ሰበረ። በዓመቱ ይህ ዓይነት ብስክሌት ከውድድር ታገደ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን ሜዳ ላይ ነው። መጋደም የሚጠቅመው ነፋስን ለመቅደድ ነው። ሐረጎ ላይ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ የምትታገሉት ከክብደት ጋር ነው። ስለዚህ በጣም የሚያንጋልል ወንበር ይቅርባችሁ፤ ቀና የሚያደርግ ይሻላል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ማርሹን ሳያዩ መግዛት ነው። በተለመደው ሳይክል ዳገት ሲከብድ ብድግ ብለን በሰውነታችን ክብደት ፔዳሉን እንረግጣለን። እዚህ ብድግ ማለት የለም። መደገፊያውን ተማምኖ በከባድ ማርሽ መግፋት ደግሞ ጉልበትን ይጎዳል። ያለው መንገድ በቀላል ማርሽ ቶሎ ቶሎ ማዞር ብቻ ነው። ሒሳቡን ተመልከቱ። የኋላ ጎማው 26 ኢንች፣ የፊት ማርሹ 52 ጥርስ፣ የኋላው 28 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር 3.8 ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩ በሰዓት ወደ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ቀጥ ባለ ዳገት ይህን የሚችል እግር ጥቂት ነው። የፊቱ 22፣ የኋላው 34 ጥርስ ሲሆን ግን አንዱ ዙር 1.3 ሜትር ብቻ ነው። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ እግራችሁ ሳይጨነቅ ይዞራል። ሻጩ ሜዳ ላይ አስነድቶ ቢያስደስታችሁም፣ ጥርሱን ሳትቆጥሩ ብር አትክፈሉ።

ሁለት እግር ወይስ ሦስት? በዝግታ ሲወጡ ባለ ሁለት እግሩ ይንገዳገዳል፤ ዳገት መሀል ቆሞ እንደገና መነሳትም ፈተና ነው። ባለ ሦስት እግሩ ከባድ ቢሆንም ቆም ብሎ መተንፈስ ያስችላል። እኔ ለዳገት እሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ጎማዎች ከፊት ከሆኑ፣ የኋላው የሚሸከመው ክብደት ትንሽ ስለሆነ ጠጠር መንገድ ላይ እየተንሸራተተ ባለበት ይሽከረከራል። ኮረኮንች ለሚበዛበት የገጠር መንገድ ይህን አስቡበት።

የጎማው ቁጥር ደግሞ ሰውን ያታልላል። 20 ኢንች የሚባል ጎማ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው፤ የውስጥ ስፋቱ (ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት) 406 ወይም 451 ሚሊ ሜትር የሆነ። አንዱ ለሌላው አይገባም። 406ቱ የልጆች ሳይክል ጎማ ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። እኔ 451 ይዤ ጎማዬ ሲቀደድ ደሴ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጥቻለሁ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ካቴናውም ከተራው ሳይክል ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚረዝም፣ ሲያልቅ ሁለት ሦስት ገዝቶ መቀጠል ግድ ነው።

የወጣ ይወርዳል። ቸርኬውን የሚይዝ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ በጣም ይግላል፤ ዲስክ ፍሬን ያለውን ፈልጉ። ስትወርዱም ይዛችሁ አትቆዩ፤ ጠበቅ አድርጉና ልቀቁ።

ዝቅ ብላችሁ ስለምትቀመጡ የኢሱዙ ሹፌር ላያያችሁ ይችላል። ከኋላ ረጅም ዘንግ ላይ ደማቅ ባንዲራ ስቀሉ። እግር አዲሱን የፔዳል አመታት እስኪለምድም ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ንዱ፤ ሐረጎን ለኋላ አቆዩት።