መጎተት ወይስ መግፋት? የጎልፍ ምታችሁ ጉልበት የት ይጠፋል

ጅማ ውስጥ ከእኔ ጋር ጎልፍ የሚለማመዱ ጥቂት ወጣቶች አሉ። ሜዳችን ከብት የሚግጥበት ሣር ነው። ልጆችና ላሞች ስለሚያልፉ ኳስ የምንመታው ሜዳው ባዶ ሲሆን ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ አንድ ጆንያ የቡና ገለፈት እንሞላና ከባሕር ዛፍ ሥር አስደግፈን እሱን እንመታለን። ገለፈት እዚህ እንደልብ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ዱላም አይሰብርም፣ እጅም አያምም። እውነቱን ለመናገር፣ ከሜዳው ይልቅ ያስተማረን ጆንያው ነው።

አዲስ የሚመጣ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። "ጋሼ፣ በግራ እጄ ልጎትት ወይስ በቀኝ እጄ ልግፋ?"

ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ግን በተራ ነው። መጎተቱ ይቀድማል፣ የእጅ ግፊት በስተመጨረሻ ይመጣል። እኔ እስካየሁት ድረስ ጉልበት የሚጠፋው ክንድ ስለደከመ አይደለም፤ ተራው ስለተዛባ ነው። (ከዚህ በታች ያለው ለቀኝ እጅ ተጫዋች ነው። ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጣችሁ አንብቡት።)

በቆሎ የሚጠብቅ ልጅ ማማ ላይ ቆሞ ወንጭፍ ሲያሽከረክር አስቡት። ድንጋዩን አይገፋውም፤ በገመድ መግፋት አይቻልምና። እጁ ገመዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ድንጋዩ ዙሪያውን ይሮጣል። የጎልፍ ዱላም አብዛኛውን መንገድ የሚመጣው እንደዚሁ ነው። እጃችን ክብ እየሠራ እጀታውን ሲስብ፣ የዱላው ራስ በራሱ ጊዜ ይወረወራል። ልዩነቱ ዱላ ገመድ አለመሆኑ ነው። ደረቅ ስለሆነ መግፋትም ይቻላል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ ኳሱ ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፣ ርቀት የለውም። አንዳንዴ ዱላው ከኳሱ በፊት መሬት ይቆፍራል

ከሁሉ በላይ የማየው ይህንን ነው። በተለይ ጉልበተኛ ሰው ላይ።

መንስኤው ያለጊዜው መግፋት ነው። ዱላው ወደ ላይ ተነሥቶ ሲያበቃ ከግራ ክንዳችን ጋር 90 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ይሠራል። ያ ማዕዘን የተጠራቀመ ጉልበት ነው። ቀኝ እጅ ገና ከላይ መግፋት ከጀመረ ማዕዘኑ ወዲያው ይከፈታል። ዱላው ፍጥነቱን ቀኝ ትከሻችን አጠገብ ይጨርስና ኳሱ ጋ ሲደርስ የቀረው ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ቀኝ ትከሻ ወደ ፊት ስለሚወጣ ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የዱላው ፊት፣ ማለትም ኳሱን የሚመታው ገጽ፣ ዱላው ከሚሄድበት መስመር አንጻር ክፍት (ወደ ቀኝ የዞረ) ከሆነ ደግሞ ኳሱ ወደ ቀኝ ይሽከረከራል። ስላይስ የሚባለው ይኸው ነው።

ችግራችሁ ይህ መሆኑን ለማረጋገጥ ዱላውን ገልብጡት። ከራሱ በኩል ያዙና በባዶ አወዛውዙት። ሹው የሚለውን ድምፅ አዳምጡ። ድምፁ የሚሰማው ቀኝ ትከሻችሁ አጠገብ ከሆነ ገና ከላይ ገፍታችኋል። መሰማት ያለበት ኳሱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ወይም ትንሽ ወደ ግራ አልፎ ነው።

መፍትሄው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከላይ ወደ ኳሱ መውረድ ሩብ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው የሚፈጀው። መሀል መንገድ ላይ አስቦ ማስተካከል አይቻልም። መታረም ያለበት አጀማመሩ ነው።

እኛ እንዲህ እናደርጋለን። ከራስ በላይ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ገመድ እናስራለን። ቅርንጫፉ በስተቀኝና ትንሽ ከኋላ ይሁን። ዱላ የያዛችሁ ይመስል ዞራችሁ ገመዱን በሁለት እጅ ያዙና ደወል እንደሚደውል ሰው ወደ ታች ሳቡት። ግን እጃችሁ ከመሳቡ በፊት ግራ ዳሌያችሁ ይጀምር። ይህንን ሃያ ጊዜ፣ በዝግታ። ከዚያ ዱላ አንሡና ጆንያውን በግማሽ ጉልበት ምቱ። ስትመቱ አትለፉ፤ ዱላው ጆንያው ላይ እንዳረፈ ቁሙና ተመልከቱ። እጃችሁ ከዱላው ራስ ቀድሟል? የግራ እጅ አንጓችሁ ቀጥ ብሏል? አዎ ከሆነ በትክክል ጎትታችኋል። አንጓው ወደ ኋላ ከታጠፈና የዱላው ራስ ከቀደመ፣ ቀኝ እጅ አሁንም ተራውን አልጠበቀም ማለት ነው።

ከእኛ መካከል ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ፣ ክንዱ ብረት ነው። ጆንያውን ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ግን ትራስ እንደመደብደብ ነበር። ገመዱን ሁለት ሳምንት ሳበ። አንድ ቀን ማለዳ "ጧ" አለ፣ ሁላችንም ዞር አልን። ያን ቀን የመታው ከወትሮው በቀነሰ ጉልበት እንደሆነ ራሱ ነው የነገረን።

ምልክት፦ ኳሱ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ዝቅ ያለ ነው፣ እጅ ላይ ባዶ ስሜት አለው

ይህ የመጀመሪያውን ትምህርት ከልክ በላይ የተማረ ሰው ችግር ነው። ይጎትታል፣ ይጎትታል፣ አይለቅም። እጀታው ኳሱን አልፎ ሲሄድ የዱላው ራስ ከኋላ ይጎተታል፣ ፊቱም ክፍት ሆኖ ይደርሳል።

እዚህ ላይ የስም መምታታት አለ። በጎልፍ ቋንቋ ወደ ግራ የሚሄድ ኳስ "ፑል" (መጎተት) ይባላል፣ ወደ ቀኝ የሚሄድ "ፑሽ" (መግፋት)። ስሙ ኳሱ የሄደበትን አቅጣጫ እንጂ የእጅን ሥራ አይናገርም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። በቀኝ እጅ ቶሎ የሚገፋ ሰው፣ የዱላው ፊት ክፍት ካልሆነ፣ "ፑል" ይመታል፤ መጎተት የማያቆም ሰው ደግሞ "ፑሽ" ይመታል። አንድ ወዳጄ "ፑሽ መታህ" ሲሉት መግፋት ለመቀነስ ወራት ለፋ። በሽታው ግን መጎተት ነበር።

መፍትሄው ለቀኝ እጅ ተራውን መስጠት ነው። ውኃ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንሸራትታችሁ ታውቃላችሁ? ክርን ከጎን ተጠግቶ ይመጣል፣ ክንድ የሚዘረጋው መጨረሻ ላይ ነው። ያ እንቅስቃሴ ቁርጥ የጎልፍ ቀኝ እጅ ነው። ያለ ዱላ ቁሙና ጆንያውን በቀኝ መዳፋችሁ እንደዚያ በጥፊ ምቱት። ከዚያ ዱላውን ያዙ፣ ሁለቱን እጆች አንድ ስንዝር ያህል አራርቁና ግማሽ ምት ምቱ። እጆቹ ሲራራቁ ግራው ሲስብና ቀኙ ሲገፋ ለየብቻ ይሰማችኋል። ግፊቱ የሚጀምረው እጃችሁ ቀኝ ጭናችሁ አጠገብ ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት አይሁን።

ምልክት፦ ያለኝን ጉልበት ሁሉ አውጥቼ እመታለሁ፣ ርቀቱ ግን ያው ነው

እግር ተኝቷል። ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ የሚያጮሁ ልጆችን እጅ ተመልከቱ። ጅራፉ የሚጮኸው እጁ እስከ መጨረሻው ስለሮጠ አይደለም፤ እጁ ሲገታ ፍጥነቱ ወደ ጫፉ ስለሚተላለፍ ነው። በጎልፍም ዳሌ ይጀምራል፣ ደረት ይከተላል፣ ከዚያ ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላው። የፊተኛው ሲገታ የኋለኛው ይፈጥናል። ዳሌ ካልጀመረ ለክንድ የሚያወርሰው የለውም።

ዳሌን የሚያስነሣው ደግሞ እግር መሬትን ሲገፋ ነው። ቀድሞ መምጣት ያለበት ግፊት ይህ ብቻ ነው። መሞከር ቀላል ነው። እግሮቻችሁን ገጥማችሁ ቁሙ። ዱላው ወደ ላይ ሊደርስ ሲል በግራ እግራችሁ ወደ ዒላማው አንድ እርምጃ ርገጡ። እግሩ መሬቱን ሲጫን ምቱ። ክረምት ላይ የእኛ ሜዳ ጭቃ ስለሆነ ያንሸራትታል። ያኔ ሲሚንቶ ወለል ያለው በረንዳ ላይ በዝግታ ሥሩት።

ምልክት፦ አዲስ አበባ ላይ የነበረኝ ርቀት ጅማ ላይ ቀነሰ

ይህ የምት ችግር ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ። ዝቅ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚወፍር ኳስን ይበልጥ ይይዛል። ልዩነቱ ጥቂት ሜትሮች ነው። ዝናብ የጠጣ ሣር ግን ኳሱ ወርዶ የሚንከባለለውን ያስቀራል፤ ይህኛው ብዙ ይወስዳል። ስለዚህ በሐምሌ ርቀት ለክታችሁ ምታችሁን አትቀይሩ።

ምልክት፦ ክርን ወይም ወገብ ያምማል

ክርን ከሆነ መጀመሪያ አያያዛችሁን ላላ አድርጉ። ዱላን አንቆ የሚይዝ ሰው ሁሉንም ግፊት የሚቀበለው በክርኑ ጅማት ነው። ወገብ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዳሌው አልዞር ብሎ ወገብ ብቻውን ስለተጠመዘዘ ነው፤ የእርምጃውን ልምምድ በሩብ ጉልበት ሥሩ። ሕመሙ በእረፍት ካልለቀቀ፣ ወይም ወደ እግር ከወረደ፣ ዱላውን አስቀምጡና ሐኪም ጋ ሂዱ።