የድሮ ጌም ማሽን አልሠራ ሲል፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

የድሮ ጌም ማሽን «ሞቷል» ተብሎ ሲጣል ያንገበግበኛል። አብዛኛውን ጊዜ አልሞተማ! ወይ ትክክለኛ መብራት አላገኘም፣ ወይ ካሴቱና ማሽኑ በደንብ አልተነካኩም፣ ወይ ቴሌቪዥኑ የተላከለትን ምስል አልተቀበለም። ዋናው ቺፕ ተቃጥሎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከግድግዳው ሶኬት ይጀምርና ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ካቻቢቴ የሚነሳው በስተመጨረሻ ነው።

የማወራው ስለ ኒንቴንዶ ኤንኢኤስ፣ ስለ ጃፓናዊው ወንድሙ ፋሚኮም፣ በየዓይነቱ ስም ስለሚሸጡት የፋሚኮም ኮፒዎች፣ ስለ ሴጋ ሜጋ ድራይቭና ስለ ፕሌይስቴሽን 1 ነው።

ጨርሶ አይበራም

መጀመሪያ ማሽኑ ከየት አገር እንደመጣ እወቁ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው። የአሜሪካው 120፣ የጃፓኑ 100 ነው። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣውን ማሽን ቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት አዳፕተሩን ማቃጠል ነው። የሶኬቱን ቅርጽ የምትቀይረው ትንሿ ፕላስቲክ ቮልት አትቀንስም። እሷን አይቶ የሚተማመን ሰው ብዙ ነው።

ደስ የሚለው ግን በኤንኢኤስ፣ በፋሚኮምና በሜጋ ድራይቭ አዳፕተሩ ያለው ከማሽኑ ውጭ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው እሱ ብቻ ነው፤ ማሽኑ ይተርፋል። ከባድ ትራንስፎርመር መግዛትም አያስፈልግም። 220 የሚቀበል፣ የሚያወጣው ግን ለማሽኑ የሚስማማ አዳፕተር ይበቃል።

«የሚስማማ» ስል ቮልቱን፣ አምፔሩንና የጫፉን ፖላሪቲ (መሃሉ ፖዘቲቭ ነው ወይስ ኔጌቲቭ የሚለውን) ማለቴ ነው። ሜጋ ድራይቭ 1 የሚፈልገው መሃሉ ኔጌቲቭ የሆነ 9 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫውን የማይቀያይር መብራት) ነው። ሜጋ ድራይቭ 2 ደግሞ መሃሉ ፖዘቲቭ የሆነ 10 ቮልት ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ አዳፕተር አታዋውሷቸው። ፋሚኮም መሃሉ ኔጌቲቭ በሆነ 10 ቮልት ዲሲ ይሠራል።

ኤንኢኤስ ከሁሉም ይለያል። የራሱ አዳፕተር የሚያወጣው 9 ቮልት ኤሲ (እንደ ግድግዳው፣ አቅጣጫውን የሚቀያይር መብራት) ነው። ወደ ዲሲ የሚቀየረው ማሽኑ ውስጥ ነው። ስለዚህ የኤንኢኤስን አዳፕተር ፋሚኮም ላይ መሰካት ፋሚኮሙን ማቃጠል ነው። በሌላ በኩል ኤንኢኤሱ ራሱ 9 ቮልት ዲሲ ቢሰጡትም ይሠራል። ፖላሪቲውም አያስጨንቀውም፤ ውስጡ ያለው ሬክቲፋየር (ወደ ዲሲ የሚቀይረው ክፍል) በየትም በኩል ቢመጣ ያስተካክለዋል። 1.3 አምፔር የሚሰጥ ባለ 9 ቮልት አዳፕተር ፈልጉለት። ኦሪጅናሉን አዳፕተር በቴስተር ስትለኩ ደግሞ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርጉት። በዲሲ ለክቶ «ዜሮ ነው፣ ተቃጥሏል» ማለት ደህናውን ዕቃ መጣል ነው።

አዳፕተሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ ካልበራ፣ ውስጡ 7805 የሚባለውን ሬጉሌተር (ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደውን ዕቃ) ለኩ። ሦስት እግር አለው። በአንዱ በኩል 9 ቮልት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይገባል፣ በሌላው 5 ቮልት መውጣት አለበት። ገብቶ ካልወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ያውቀዋል። ማሽኑ በርቶ ገመዱን ስትነኩት የሚጠፋ ከሆነ ግን ሬጉሌተሩን ተዉት። አብዛኛውን ጊዜ የአዳፕተሩ ገመድ የሚሰካበት ጃክ ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ቦታ ተሰንጥቆ ነው። በአጉሊ መነጽር ብታዩት በእግሩ ዙሪያ ቀጭን ቀለበት የመሰለ ስንጥቅ ይታያል። አዲስ ሶልደር ሲያገኝ ያበቃል።

ፕሌይስቴሽን 1 ሌላ ጉዳይ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ሆዱ ውስጥ ነው። የአሜሪካውን 220 ላይ ከሰካችሁት የሚቃጠለው ውስጡ ነው። እንዲያም ሆኖ ራሱን የቻለ ቦርድ ስለሆነ ብቻውን ይቀየራል። ይህን ግን ለቴክኒሽያን ስጡት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ትልቁ ካፓሲተር ቻርጅ ይዞ ይቆያል፤ ሰውን ክፉኛ ይመታል። የአሜሪካ ፕሌይስቴሽን ያላችሁ 220ን ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ነው። መብራት ሲሄድም ማሽኑን ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ከፍ ብሎ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

የኤንኢኤስ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል

የዚህ ማሽን ዝነኛው በሽታ ይሄ ነው። መብራቱ በሰከንድ አንዴ ያህል ይበራል ይጠፋል፣ ስክሪኑም አብሮት። ሰው ያኔ ካሴቱን አውጥቶ እፍ ይላል። እባካችሁ እፍ አትበሉ። ከአፍ የሚወጣው እርጥበት የካሴቱን መዳብ ያዝገዋል። እፍ ካላችሁ በኋላ የሚሠራው ካሴቱን አውጥታችሁ መልሳችሁ ስለከተታችሁት ነው።

መንስኤው እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ አንድ የጥበቃ ቺፕ አለ፤ ካሴቱም ውስጥ ጓደኛው አለ። ማሽኑ ሲበራ ሁለቱ ይነጋገራሉ። ካልተግባቡ የማሽኑ ቺፕ ደጋግሞ ሪሴት ያደርጋል። ብልጭ ድርግም የሚለው ለዚህ ነው። የማይግባቡት ደግሞ በመካከላቸው ያለው ባለ 72 እግር ማገናኛ ቆሽሾ ወይም ላልቶ ነው። ኤንኢኤስ ካሴቱን ከፊት አስገብቶ ወደ ታች ስለሚጫን እነዚያ ቀጫጭን እግሮች በዓመታት ብዛት ይታጠፋሉ።

መብራቱን በደንብ ካያችሁት ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ብልጭ ድርግም ካለ የጥበቃ ቺፖቹ አልተገናኙም። መብራቱ ጸጥ ብሎ በርቶ ስክሪኑ ባዶ አንድ ቀለም ከሆነ ቺፖቹ ተግባብተዋል፣ የጨዋታው ፕሮግራም ግን አልተነበበም። ሙዚቃው እየመጣ የማሪዮ ጨዋታ ስክሪን በቁርጥራጭ ፊደል ከተሞላ ደግሞ ፕሮግራሙ ደርሷል፣ ሥዕሉ አልደረሰም። ፕሮግራሙና ሥዕሉ ካሴቱ ውስጥ በተለያየ ቺፕ ነው የሚቀመጡት፤ የሚወጡትም በተለያዩ እግሮች ነው። በሦስቱም ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ንክኪው ነው።

ከካሴቱ ጀምሩ። ጆሮ ማጽጃ ጥጥ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቡና የመዳቡን ጥርሶች ከላይ ወደ ታች ጥረጉ። ጥጡ ጥቁር ይወጣል። ነጭ እስኪወጣ ድረስ እየቀየራችሁ ድገሙት። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮልም ይሠራል፣ ግን ውሃ ስላለበት ቆይቶ ነው የሚደርቀው። ሳይደርቅ አትክተቱ። በአንድ ካሴት ብቻ አትፍረዱ፤ ሌላም ሞክሩ። አንዱ ሠርቶ አንዱ እምቢ ካለ ችግሩ ከካሴቱ ነው።

ሁሉም እምቢ ካሉ ወደ ማገናኛው ሂዱ። ኤንኢኤስ በተራ ካቻቢቴ ይከፈታል። ማገናኛውን ከቦርዱ ጠርዝ ሳቡትና ንጹሕ ውሃ ውስጥ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቀቅሉት። አዎ፣ ቀቅሉት። ለዓመታት የተጋገረው ቆሻሻ ይለቃል። ከዚያ አራግፋችሁ ሙሉ በሙሉ አድርቁት፤ አንድ ቀን ይደር። የሚገባበትን የቦርድ ጠርዝም በአልኮል ጥረጉ። አዲስ የሚሸጡት ርካሽ ማገናኛዎች ካሴቱን አንቀው ስለሚይዙ ለማውጣት ትግል ነው፤ የካሴቱንም ጥርስ ይፍቃሉ። ኦሪጅናሉ ካልተሰበረ እሱን ማዳን ይሻላል።

ፋሚኮም ይህ ጥበቃ የለውም፣ ስለዚህ ብልጭ ድርግም አይልም። የቻይና ኮፒዎቹም እንደዚያው። በኮፒዎቹ ላይ ዋናው ቺፕ በጥቁር ሙጫ ስለተሸፈነ እሱ ከተቃጠለ ተስፋ የለውም። ንክኪና መብራት ከሆነ ግን ልክ እንደ ኦሪጅናሉ ይድናሉ።

ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ወይም ምስል አለ ድምፅ የለም

ማሽኑ ጤነኛ ነው! የአሜሪካና የጃፓን ማሽን የሚልከው ኤንቲኤስሲ የሚባል ምስል ነው። በእኛ አገር የኖረው ፓል ነው። ፓል ብቻ የሚያውቅ የድሮ ቴሌቪዥን ኤንቲኤስሲ ሲመጣለት ቀለሙን መፍታት አይችልም፤ ጥቁርና ነጭ ያሳያል። ምስሉ ወደ ላይ የሚሽከረከር ከሆነ የኤንቲኤስሲን 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደሰውን ምስል፤ የፓል 50 ነው) አልተቀበለም። ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የቀለም ሲስተሙን ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ ወይም ወደ አውቶ ለውጡት። ምርጫው ከሌለ ሌላ ቴሌቪዥን ፈልጉ።

የድምፁ ነገር በአንቴና ገመድ ለሚያገናኙ ነው። በአሜሪካው ሲስተም ድምፁ ከምስሉ 4.5 ሜጋኸርዝ ርቆ ነው የሚጓዘው፣ በእኛ 5.5። ቴሌቪዥኑ ድምፁን የሚፈልገው ሌላ ቦታ ላይ ነው። መፍትሄው አንቴናውን ትቶ በኤቪ ገመድ ማገናኘት ነው። ኤንኢኤስ በጎኑ ቢጫና ቀይ ቀዳዳ አለው። ቢጫው ምስል፣ ቀዩ ድምፅ ነው።

ከአውሮፓ የመጣ ማሽን ላይ ሶኒክ የሚባለው የሴጋ ጨዋታ ቀርፋፋ ከሆነባችሁም ብልሽት አይደለም። ብዙ ጨዋታዎች ለ60 ኸርዝ ተሠርተው ሳይስተካከሉ በ50 ስለወጡ ወደ 17 በመቶ ገደማ ይዘገያሉ።

ፍላት ስክሪን ላይ ቁልፍ ተጭናችሁ ማሪዮ ዘግይቶ ከዘለለ ጆይስቲኩን አትውቀሱ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ሲያሰናዳ ነው የሚዘገየው። ጌም ሞድ የሚል ምርጫ ካለው አብሩት። ዳክ ሀንት በሚባለው የዳክዬ አደን ጨዋታ የሚተኮስበት ጠመንጃ ግን ፍላት ላይ ጭራሽ አይሠራም። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬዋ ባለችበት ነጭ ሳጥን ይበራል፤ ጠመንጃው ያን ብርሃን በትክክለኛዋ ቅጽበት ማየት አለበት። ጀርባው ትልቅ የሆነውን የድሮ ቴሌቪዥን ይፈልጋል።

ፕሌይስቴሽኑ ቪዲዮ ላይ ይንተፋተፋል

ጨዋታው ይሄዳል፣ መሃል ላይ የሚመጣው ፊልም ግን ይቆራረጣል፣ ድምፁም ይነጠባል። በ1994 እና በ1995 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ፕላስቲክ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ የሚሞቀው ፓወር ሰፕላይ አለ። ፕላስቲኩ በሙቀትና በመፋተግ ይበላል፣ ሌንሱ ያዘነብላል። ሰው ማሽኑን ገልብጦ የሚጫወተው ለዚህ ነው። መገልበጡ ያዘነበለውን ሌንስ ስለሚመልሰው ለጊዜው ይረዳል። ለእኔ ዋናው ጥቅሙ መመርመሪያነቱ ነው። ገልብጣችሁት ከተስተካከለ ሐዲዱ መበላቱን አወቃችሁ።

ከዚያ በፊት ቀላሉን ሞክሩ። ሌንሱን አልኮል በነካ ጥጥ በስሱ ጥረጉ፤ አትጫኑት። ሐዲዱን አጽድታችሁ ለፕላስቲክ የሚሆን ነጭ ግሪስ በጣም ጥቂት ቀቡ። ፍተሻውን በኦሪጅናል ሲዲ አድርጉት፤ ኮፒ ሲዲ ብርሃን በደንብ ስለማይመልስ ደህናውንም ሌንስ ያስቸግራል። ሌንሱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን አዙሮ «ኃይል መጨመር» የሚመክሩ አሉ። እኔ አልመክርም። ለጥቂት ጊዜ ይሠራና ሌዘሩን ቶሎ ይጨርሰዋል። ሐዲዱ ከተበላ ሌንሱን ከነሐዲዱ ቀይሩት።

ቁልፉ አይሰማም

ጆይስቲኩን ክፈቱ። ከቁልፉ ሥር ጎማ አለ፣ ከጎማው ሥር ጥቁር ካርቦን። ሁለቱንም የካርቦን ገጾች፣ የጎማውንም የቦርዱንም፣ በደረቅ ጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ብዙ ጊዜ በዚሁ ያልቃል። ሁሉም ቁልፎች አንድ ላይ ከጠፉ ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ጆይስቲኩ ውስጥ ሲገባ በሚታጠፍበት ቦታ ነው።

ሴቭ ያደረግኩት ጠፋ

እንደ ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ ያሉ ካሴቶች ጨዋታችሁን የሚይዙት ሲአር2032 በምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። እሷ ስታልቅ ሴቩ ይጠፋል፣ ጨዋታው ግን ይሠራል። አብዛኛው የኒንቴንዶ ካሴት በልዩ ባለ 3.8 ሚሊሜትር ቢት ይከፈታል። ባትሪዋ ተበይዳ ነው ያለችው። አዲስ ስትገዙ የመበየጃ እግር ያላትን ምረጡ። ባትሪው ገላ ላይ በቀጥታ አትበይዱ፤ ስትሞቅ ልትፈነዳ ትችላለች። ፖዘቲቩን በነበረበት በኩል መልሱ። አሮጌዋን ስታወጡ ውስጥ ያለው ሴቭ እንደሚሄድ አስቀድማችሁ እወቁ።

አዲስ ባትሪ ገብቶም ዜልዳ ከጠፋ የምታጠፉበትን መንገድ ተመልከቱ። ኤንኢኤስ ላይ መጀመሪያ ሪሴቱን ተጭናችሁ ያዙ፤ ሳትለቁት ፓወሩን አጥፉ። እንዲሁ ዝም ብሎ ከጠፋ ማሽኑ ሲዘጋ የሚንቀጠቀጠው ቮልት ሴቩን ሊያበላሸው ይችላል።