ቬጀቴሪያን ምግብ ቤት ሲመርጡና ሲመገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በበሩ ላይ «ቬጀቴሪያን» ብሎ የጻፈ ምግብ ቤት ለደንበኛው የሚሰጠው ዋስትና አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥጋ እንደማያቀርብ ነው። ምግቡ ለጤና ስለመስማማቱ፣ ስለማጥገቡ ወይም ከእንስሳ የተገኘ ማንኛውም ነገር ፈጽሞ የማይገባበት ስለመሆኑ ያ ቃል የሚናገረው ነገር የለም። ከቤት ውጭ ተመግበው ቅር ብሏቸው የሚመለሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ይህን አንድ ቃል ከአቅሙ በላይ ስለሚያሸክሙት ይመስለኛል።

«ሥጋ የለበትም» የሚለውን «ጤናማ ነው» ብሎ መረዳት

ከሁሉም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። የተጠበሰ ድንች፣ በነጭ ዱቄት ተለውሶ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ አበባ ጎመን፣ በቺዝ የተሸፈነ ፓስታ እና ስኳር የበዛበት ኬክ ሁሉም ሥጋ የለባቸውም። ሥጋን ከማዕዱ ያወጣ ምግብ አብሳይ የጎደለውን ጣዕም ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። ጎበዙ በቅመማ ቅመም፣ በእንጉዳይ፣ በሎሚና አትክልቱን በምድጃ በደንብ በመጋገር ሲያመጣው፣ ሰነፉ ግን በጨው፣ በዘይትና በስኳር ያካክሰዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲመገብ ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ መጠን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተለመደ የአኩሪ አተር ሶስ ብቻውን የዚህን ግማሽ ያህል ጨው ይይዛል፤ በሶሱ የተዘፈዘፈ ቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት የሚረጋ ምግብ) ደግሞ ከአንድ ማንኪያ በላይ ሊጠጣ እንደሚችል ማሰብ አያስቸግርም። የኮኮናት ዘይትም ከዕፅዋት ስለተገኘ ብቻ ለልብ የሚስማማ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ክፍሉ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው፣ የጤና ባለሙያዎች እንዲቀነስ የሚመክሩት የስብ ዓይነት ነው፤ በዚህ ረገድ ከቅቤም ይበልጣል።

እንግዲህ የምግብ ዝርዝሩ ሲቀርብልዎ ከምግቦቹ ስም ይልቅ አበሳሰላቸውን የሚገልጹትን ቃላት ያንብቡ። የተቀቀለ፣ በእንፋሎት የበሰለ፣ በምድጃ የተጋገረ ወይም ሳይበስል የቀረበ የሚሉት በርከት ካሉ መልካም ምልክት ነው፤ ገሚሱ የተጠበሰ ከሆነ ግን ቤቱ በአትክልት ስም የሚሸጠው ዘይት ነው። ሶሱ ለብቻው እንዲቀርብልዎ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ብዙ ቤቶች ያለ ምንም ቅሬታ ያደርጉታል።

ቬጀቴሪያንንና ቪጋንን አንድ አድርጎ ማየት

በእንግሊዝ አገር የቬጀቴሪያኖች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1847 ሲቋቋም አባላቱ የተስማሙት ሥጋ ባለመብላት ላይ ነበር፤ ወተትና እንቁላል ግን ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ሆነው ቆዩ። ክርክሩ እልባት ባለማግኘቱ እ.ኤ.አ. በ1944 ዶናልድ ዋትሰንና ጥቂት ባልደረቦቹ ተለይተው ወጡና ከእንስሳ የሚገኝን ማንኛውንም ምግብ ለማይመገብ ሰው «ቪጋን» የሚለውን ስያሜ አወጡ። ስለዚህ ቬጀቴሪያን በሚል ምልክት ሥር ወተት፣ ቅቤ፣ ቺዝ፣ እንቁላልና ማር ቢያገኙ ምግብ ቤቱ አላታለለዎትም።

የቃሉ ትርጉም እንደየአገሩም ይለያያል። በሕንድ ሕግ እንቁላል ከሥጋ ወገን የሚቆጠር ሲሆን፣ ወተት ግን በአረንጓዴው የቬጀቴሪያን ምልክት ሥር ይገባል፤ በአውሮፓ ግን የቬጀቴሪያን ቁርስ ላይ እንቁላል መቅረቡ የሚያስገርም አይደለም። ጃይን የተባለው የሕንድ እምነት ተከታዮች ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንችን የመሳሰሉ ከመሬት ሥር የሚወጡ ተክሎችን አይመገቡም፤ የቡድሂስት ገዳማትን ሥርዓት የሚከተሉ የምሥራቅ እስያ ወጥ ቤቶችም የሽንኩርት ዘሮችን ያስወግዳሉ። ሽንኩርት ለማይስማማው ሰው እነዚህ ቤቶች ከብዙ ጭንቀት የሚገላግሉ ናቸው፤ ይህን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሳህኑ ላይ የማይታየውን አለመጠየቅ

አንድ ጊዜ ሁሉንም ዓይነት ምግብ በሚያቀርብ ቤት የአትክልት ሾርባ አዝዤ፣ ግማሹን ከጨረስኩ በኋላ መረቁ ከዶሮ አጥንት የተፈላ መሆኑን ሰማሁ። አስተናጋጁ አልዋሸኝም። «ሥጋ አለበት ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት፣ የለበትም አለኝ፤ እውነትም ሥጋ አልነበረበትም። የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው «መረቁ ከምን ተፈላ?» ብዬ ነው፤ ምክንያቱም «የለም» ተብሎ በቀላሉ የማይታለፍ፣ ጉዳዩን እስከ ወጥ ቤቱ የሚያደርስ ጥያቄ ነው።

መረቅ የመጀመሪያው መሸሸጊያ እንጂ ብቸኛው አይደለም። የብዙ የጃፓን ሾርባዎችና ሶሶች መሠረት የሆነው ዳሺ በተለምዶ ከባሕር አረምና ከደረቀ ዓሣ ይዘጋጃል። በታይላንድና በቬትናም አበሳሰል የዓሣ ሶስ የጨውን ቦታ ስለሚይዝ፣ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሳህን ውስጥ ሳይጠሩት ይገባል። ዉስተርሻየር የሚባለው ሶስ በጥንተ አሠራሩ አንቾቪ የተባለው ትንሽ ዓሣ አለበት። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ሲሆን የሚገኘውም በጣፋጮች ውስጥ ነው፤ በምሳው ላይ ሲጠነቀቅ የዋለ ሰው የሚረሳውም ይህን የማሳረጊያውን ሳህን ነው።

ቺዝን ለብቻው ላንሣው፤ እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ቬጀቴሪያን የሆኑ ቤቶችም ሳይቀሩ ይሳሳታሉ። ወተት ወደ ቺዝ እንዲረጋ የሚያደርገው ኢንዛይም ከጥጃ ጨጓራ ሊወጣ፣ ወይም ከሻጋታ፣ ከረቂቅ ተሕዋስያንና ከዕፅዋት ሊገኝ ይችላል። በጣሊያን ፓርሚጃኖ ሬጃኖ የሚለውን ስም ለመያዝ የጥጃው ኢንዛይም ግዴታ በመሆኑ፣ እውነተኛው ፓርሚጃኖ የተነሰነሰበት ፓስታ ለጥብቅ ቬጀቴሪያን አይሆንም። ጥንቃቄ ያለው ቤት በዕፅዋት ወይም በረቂቅ ተሕዋስያን ኢንዛይም የረጋ ሌላ ጠንካራ ቺዝ ይጠቀማል፤ ሲጠየቅም ሳያመነታ ይናገራል።

ሥጋም አትክልትም በሚሠራ ቤት የመጥበሻው ዘይትም ጥያቄ ይገባዋል፤ ድንቹ ዶሮው በተጠበሰበት ዘይት ተጠብሶ ሊሆን ይችላል። ጠያቂ ሲበዛ አስተናጋጅ ይሰለቻል የሚል ይሉኝታ ካለዎት፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት አስቀድመው ስልክ ቢደውሉ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ቅጠል ብቻ አዝዞ ተርቦ መውጣት

ሰላጣና የተጠበሰ ዝኩኒ በልቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ የራበው ሰው «የአትክልት ምግብ አያጠግብም» ብሎ ይደመድማል። ያላጠገበው ግን ምርጫው ነው። 100 ግራም የበሰለ ምስር ወደ 9 ግራም ፕሮቲን ሲኖረው፣ ያው ክብደት ያለው ሰላጣ ከ1 ግራም ብዙም አያልፍም። ስለዚህ በሚያዙት ሳህን ላይ ምስር፣ ሽንብራ፣ ባቄላ፣ ቶፉ፣ የሚመገቡ ከሆነም እንቁላል መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከጎኑ ያልተፈተገ እህል ካለ ደግሞ ጥጋቡ ይቆያል። ጥሩ ቬጀቴሪያን ምግብ ቤትን ከደካማው የምለየው በዚህ ነው፤ ጥሩው ቤት ጥራጥሬን የማዕዱ ዋና ምግብ አድርጎ ያቀርባል፣ ደካማው ግን ከሥጋው ጎን ይቀርቡ የነበሩትን ማባያዎች ሰብስቦ «ዋና ምግብ» ይላቸዋል።

ከዕፅዋት የሚገኘው የብረት ማዕድን በሥጋ ውስጥ እንዳለው በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም። ቫይታሚን ሲ ያላቸው እንደ ሎሚ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ያሉ ነገሮች አብረው ሲበሉ ግን ይረዱታል፤ ሻይና ቡና ደግሞ ያውኩታል። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ሻዩን ከምግቡ ጋር ከመጠጣት አንድ ሰዓት ያህል ቢያዘገየው ይሻላል። ቫይታሚን ቢ12ን በተመለከተ ግን ከምግብ ቤት ብዙ መጠበቅ አይገባም፤ ዕፅዋት አስተማማኝ ምንጩ ስላልሆኑ፣ ወተትና እንቁላል የማይነካ ሰው ቫይታሚኑ ከተጨመረባቸው ምግቦች ወይም ከእንክብል ማግኘት ይኖርበታል።

በቆየ ምክርና በኮከብ ብዛት መመራት

«ምርጥ ቬጀቴሪያን ምግብ ቤቶች» የሚሉ ዝርዝሮች እንደ ምግብ ሁሉ የሚበላሹበት ቀን አላቸው። በኒው ዮርክ የሚገኘው ስመ ጥሩው ኢለቨን ማዲሰን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2021 ማዕዱን ሙሉ በሙሉ ከዕፅዋት ብቻ ሲያደርግ በየዝርዝሩ አናት ላይ ተቀመጠ፤ በ2025 ግን ሥጋን መልሶ አስገባ። የቆየውን ዝርዝር ይዞ የሄደ ሰው የሚጠብቀው አንድ ነገር፣ የሚያገኘው ሌላ ይሆናል።

በአንጻሩ ዘመን የማይሽራቸው አሉ። የዙሪኩ ሂልትል እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ሳይዘጋ የቆየ በመሆኑ በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ የዓለም አንጋፋው ቬጀቴሪያን ምግብ ቤት ተብሎ ተመዝግቧል። የሚላኖው ጆያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሚሽላን የተባለው የምግብ ቤቶች መመሪያ የሚሰጠውን ኮከብ በማግኘት ሥጋ የሌለበት ማዕድ ከከፍተኛው የምግብ ጥበብ ተርታ ሊቆም እንደሚችል አሳየ። ይሁን እንጂ ሚሽላን የሚመዝነው የምግብ አዘገጃጀትን ጥበብ እንጂ ጤናማነትን አይደለም።

የተመጋቢዎችን አስተያየት ሲያነቡም ከአማካይ ነጥቡ ይልቅ የቅርብ ወራቱን ጽሑፍ ያስቀድሙ። «አስተናጋጆቹ ስለ ምግቡ ይዘት በደንብ መለሱልን» የሚል አንድ አስተያየት የግድግዳውን ቀለም ከሚያደንቁ አሥር አስተያየቶች የበለጠ ይጠቅማል። እንደ ሃፒካው ያሉ የኢንተርኔት መፈለጊያዎች ቪጋን የሆኑትን፣ ቬጀቴሪያን የሆኑትንና አማራጭ ብቻ ያላቸውን ቤቶች ለይተው ስለሚያስቀምጡ ድካም ይቀንሳሉ።

አለርጂን መርሳት

ከእንስሳ ነፃ የሆነ ወጥ ቤት ወተትንና እንቁላልን ያስወግድ እንጂ ሌሎቹን የአለርጂ መነሻዎች እንዲያውም ሊያበዛቸው ይችላል። የቪጋን ቺዝና ክሬም ብዙ ጊዜ ካሹ ከተባለው የለውዝ ዓይነት ይሠራል፤ ሴይታን የሚባለው የሥጋ ምትክ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን ራሱ ነው፤ ቶፉ አኩሪ አተር ነው፤ ሰሊጥም በየሶሱ ውስጥ አለ። የአውሮፓ ኅብረት 14፣ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2023 ሰሊጥን ከጨመረች ወዲህ 9 ዋና ዋና የአለርጂ ምግቦችን በሕግ ለይተው አስቀምጠዋል። አለርጂ ያለበት ሰው ይህን የሚናገረው ካዘዘ በኋላ ሳይሆን ገና እንደተቀመጠ መሆን አለበት።

አስመስሎ የተሠራ ሥጋን የቤቱ መለኪያ ማድረግ

ሥጋ የሚወድ ባልንጀራ ሲጋብዙ «ልዩነቱን አታውቀውም» እያሉ አስመስሎ የተሠራ በርገር ማዘዝ ብዙ ጊዜ አይሳካም፤ ተጋባዡ ምግቡን መቅመሱን ትቶ ልዩነቱን መፈለግ ይጀምራልና። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ምግቦች በፋብሪካ የተዘጋጁ በመሆናቸው የወጥ ቤቱንም ችሎታ አያሳዩም። ድሮም ቢሆን ሥጋ ያልነበረበትን፣ ቤቱ የሚታወቅበትን ምግብ ይዘዙለት።

«አትክልት አይመርዝም» ብሎ መዘናጋት

ሥጋ በሌለበት ቤት ስለ ንጽሕና የሚጠይቅ ሰው ያንሳል። በስህተት ነው። የበሰለ ሩዝ ለረጅም ሰዓት ከቆየ፣ ቢሞቅ እንኳ የማይጠፋ መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሞቆ እንዲቆይ፣ በክፍል ሙቀትም ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል፤ ቡፌ ላይ እንፋሎት የሌለው ለብ ያለ ሩዝና ባቄላ ሲያዩ ይለፉት።

ጥሬ በቆልት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን ከ50 በላይ ሰዎችን የገደለው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ወረርሽኝ የተዛመተው ከአብሽ በተዘጋጀ በቆልት መሆኑን ምርመራው አመልክቷል። ዘሩ የሚበቅልበት ሙቀትና እርጥበት ለባክቴሪያም ስለሚመች ማጠብ ብቻውን አያነጻውም። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሰውነታቸው በሽታን የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰዎች በሰላጣቸው ላይ በቆልት እንዳይጨመር፣ ወይም በደንብ በስሎ እንዲቀርብላቸው ሲያዙ ይናገሩ።