የቼንሶው ካርቡሬተር አቀያየር፦ በሽቲል ኤምኤስ 180 ምሳሌ

ቼንሶው (የሞተር መጋዝ) አልነሳ ሲል ወይም ነዳጅ ሲሰጡት ታንቆ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚወነጀለው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። ተፈትተው ከሚጣሉት ብዙዎቹ ግን ጥፋት የለባቸውም። ስለዚህ ቾክ (ለማስነሻ አየሩን የሚዘጋውን) ይዘው የማስነሻ ገመዱን ሰባት ስምንት ጊዜ ይሳቡና ካንዴላውን ፈትተው ይዩት። ከረጠበ ቤንዚን እየደረሰ ነው፤ ችግሩን በእሳቱ ወይም በኮምፕሬሽኑ (በሲሊንደሩ እመቃ) በኩል ይፈልጉ። ደረቅ ከሆነ በታንኩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፊልትሮ በታጠፈ ሽቦ ስበው ያውጡና ይቀይሩ፤ የቤንዚኑ ጎማም ተሰንጥቆ እንደሆነ ይመልከቱ። ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ እየጠፋ፣ የታንኩን ክዳን ሲያላሉት የሚነሳ ከሆነ የተደፈነው የታንኩ መተንፈሻ ነው። የጭስ ማውጫው ወንፊት በጥላሸት ሲደፈንም ቁርጥ የካርቡሬተር ብልሽት ይመስላል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ካርቡሬተሩ ይሂዱ። ውስጡ ያለው ዲያፍራም የሚባል ስስ ሽፋን የቆየ ወይም ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ሲያገኘው እንደ ወረቀት ይደርቃል። እሱ ብቻ ከሆነ የጥገና ኪት ይበቃል፣ ዋጋውም ይቀላል። ውስጡ ነጭ ዝገት ካበቀለ ወይም በካርቡሬተሩ ውስጥ የአየር መዝጊያውን የሚያዞረው ዘንግ በቦታው ከተወላወለ ግን ሙሉውን መቀየር ነው።

ሲገዙ በሞዴሉ ስም ብቻ አይተማመኑ። በአሮጌው ጎን የተቀረጸውን ፊደልና ቁጥር ይዘው ይሂዱ፤ ለአንድ ሞዴል የዋልብሮም የዛማም ኩባንያ ካርቡሬተር ሊገጠም ይችላል። የቤንዚን መግቢያው ጫፍ በየት በኩል እንደሆነና የአየር ቀዳዳው ስፋት ከአሮጌው ጋር ይመሳከር።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ታንኩ ባዶ ሆኖ፣ የካንዴላው ኮፍያ ተነቅሎ ይጀምሩ። ላዩን በብሩሽ ያጽዱ። ማንሻውን ወደ ቾክ ያድርጉት፤ ቾኩ ስለሚዘጋ ሰጋቱራ ወደ ሞተሩ አይገባም። የላይኛውን ሽፋን መቆለፊያ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ አዙረው ያንሱ፣ የአየር ፊልትሮውን ያውጡ። ካርቡሬተሩን የያዙት ሁለት ዳዶዎች በ8 ቁጥር ቁልፍ ይፈታሉ። ከዚህ በኋላ ቸኩለው አይጎትቱ፤ መጀመሪያ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ከምላጩ (በጣት ከሚሳበው የነዳጅ መስጫ) የምትመጣው ቀጭን ዘንግ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ እንደነበረች በኋላ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ዘንጓን ያላቅቁ፣ የቤንዚን ጎማውን ሳይቆነጥጡ እያዞሩ ይንቀሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሲገጥም ነው። የካርቡሬተሩ ፓምፕ የሚሠራው ከሞተሩ ሆድ በሚመጣ የአየር ግፊት ምት ነው። ምቱን የሚያሳልፈው ቀዳዳ በተገለበጠ ጋርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባ ስስ ማሸጊያ) ከተሸፈነ ወይም ቱቦው ከወለቀ አዲሱም ካርቡሬተር ጠብታ ቤንዚን አይስብም። አሮጌ ጋርኒሲዮን መልሰው አይጠቀሙ። ዘንጓንና ጎማውን አስቀድመው ያያይዙ፣ ከዚያ ካርቡሬተሩን ወደ ቦታው ይግፉት። ዳዶዎቹን እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ አንዱን ብቻ አጥብቀው ከጨረሱ በሌላው በኩል አየር ይገባል። ምላጩ እስከ መጨረሻ ተስቦ በራሱ መመለሱን ሞተሩን ሳያስነሱ ይሞክሩ።

ለ5 ሊትር አዲስ ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ጥሩ የቱ ስትሮክ ዘይት ይቀላቅሉ። የመጀመሪያው አነሳስ ብዙ ገመድ መሳብ ይጠይቃል፣ ካርቡሬተሩ ባዶ ነውና። ከሞቀ በኋላ ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) ያስተካክሉ፦ የሚኒሞ ብሎኑን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ዙሩ ይጨምራል። ሞተሩ ሳይጠፋ ሰንሰለቱ ቆሞ መቀመጥ አለበት፤ የሚዞር ሰንሰለት ይዞ ወደ ዛፍ መሄድ አደጋ ነው።

አንዳንዱ ካርቡሬተር ተጨማሪ የነዳጅ ብሎኖች አሉት። በቀስታ እስኪነካ ዘግተው አንድ ዙር መክፈት ለመነሻ ይሆናል። አጥብቀው አይዝጉ፣ የመርፌው መቀመጫ ይበላሻል። በሙሉ ነዳጅ ያለ ሥራ ሲጮህ ትንሽ ቢንተባተብና እንጨት ሲነካ ቢጠራ ጥሩ ነው። ያለ ሥራም ጥርት ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። አብሮት ዘይቱም ስለሚያንስ ፒስተኑ ይላጣል፤ የከፍተኛ ዙር የነዳጅ ብሎኑን ወደ ግራ ትንሽ ይክፈቱ።

ምላጩን ለቀውት ዙሩ ቶሎ ካልወረደ ግን ብሎን በማዞር አይድከሙ። የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፤ ሞተሩን አጥፍተው ዳዶዎቹን፣ ጋርኒሲዮኑንና ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ጎማ ስንጥቅ ይመርምሩ።