በሮቦት እጅ ቡና መውቀጥ

መጀመሪያ የሞከርኩት እዚሁ ጅማ፣ በአንድ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ናኦ የሚባለውን የሰው ቅርጽ ያለው ትንሽ ሮቦት ጠረጴዛ ላይ አቁሜ፣ እኔ በጎን ክፍል ካሜራ ፊት ቆሜ ክንዴን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። ሮቦቱም እንደኔ አደረገ። ቡና መውቀጤ ነበር፤ ድምፅ ግን አላሰማሁም። ተመልካቾቹ ምን እንዳዩ ሲጠየቁ አንዱ በር ያንኳኳል፣ ሌላው ሚስማር ይመታል አሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ምን አስቆጣው? ጠረጴዛ ይደበድባል» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና የወቀጡ ሴት ናቸው! ያ መልስ ዛሬም ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ ሮቦት ከርቀት ለምታንቀሳቅሱ ሁሉ ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉ በፊት ማሽኑ የሚቆርጥባችሁን እወቁ። ናኦ ቁመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ነው። በየእጁ ያሉት ሦስት ጣቶች አንድ ላይ ይከፈታሉ፣ አንድ ላይ ይዘጋሉ። እንቅስቃሴያችሁን ለሮቦቱ የሚያነብለት ካሜራም፣ ለምሳሌ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ኪኔክት፣ የሰውን 20 መገጣጠሚያዎች ይከተላል እንጂ ጣቶችን ለይቶ አያነብም። ስለዚህ ዘነዘናውን የጨበጡት ጣቶቻችሁ መንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ለተመልካቹ የሚደርሰው የክንድ ውጣ ውረድ ብቻ ነው። በጣት የሚነገረውን ወደ ክንድ አዛውሩት።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ግራ ክንዴን ሆዴ ፊት አጥፌ ሙቀጫ እንዳቀፈ ሰው አደረግሁት፤ ቀኜን ከትከሻ በላይ አንስቼ፣ ጥቂት አቆይቼ፣ ወደ ግራው ክብ ውስጥ አወረድሁት። እኚያው እናት ወዲያው «ሙቀጫውን አቅፎ ይወቅጣል» አሉ። አንዱ እጅ ሥራውን ሲሠራ ሌላው ዕቃውን ይያዝ።

ቀጥሎ ድምፅ ጨምሩ። «ቡናው ሲወቀጥ» የሚል ቃል ሲታከልበት የደበዘዘው ምልክት እንኳ ይጠራል፤ ግን ጊዜው ከገጠመ ነው። የእጅ ምልክትን ያጠናው ዴቪድ ማክኒል እንዳሳየው፣ የምልክቱ ዋና ምት ከቃሉ ጋር ወይም ጥቂት ቀድሞ ይመጣል እንጂ ወደ ኋላ አይቀርም። ሮቦት ላይ ግን ሞተሩ ይዘገያል፣ ድምፁ ይቀድማል። ልዩነቱን ለመለካት ከተመልካቹ በኩል ስልክ አቁማችሁ ቅረጹና አንዴ አጨብጭቡ። የጭብጨባው ድምፅ ከተሰማበት እስከ ሮቦቱ እጆች መገናኘት ያሉትን ምስሎች ቁጠሩ። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል ከወሰደ፣ 12 ምስል ማለት 0.4 ሰከንድ ነው፤ የእኔው ይህን ያህል ነበር። ድምፁን በዚያው ልክ አዘግዩት። የዘገየውን ድምፅ ግን ራሳችሁ በጆሮ ማዳመጫ እንዳትሰሙ፤ ሰው የገዛ ድምፁ ዘግይቶ ሲደርሰው ይንተባተባል።

አንድ ነገር ለእኛ ተመችቷል። ሰው ስንጠራ መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን ጣቶቻችንን አንድ ላይ እናጥፋለን። አንድ ላይ ለሚታጠፉት የናኦ ጣቶች ይህ የተሰፋ ልብስ ነው። በአንድ ጣት ብቻ መጥራት አይችልም፤ ቢችልም ኖሮ እዚህ አገር ትልቅ ሰው በዚያ አይጠራም። ክንዱን ወደ ፊት ዘርጉ፣ መዳፉን ገልብጡ፣ ጣቶቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ስትጠቁሙም አስቀድማችሁ ጭንቅላቱን ወደዚያው አዙሩ፤ ዓይን የቀደመውን እጅ ሰው አይስተውም።

ፈተናውን አትዝለሉ። «ገባችሁ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። የእኛ ሰው እንግዳ ላለማሳፈር «አዎ፣ በደንብ» ይላል። «ምን አያችሁ?» በሉ፣ መልሱንም በራሳቸው ቃል ጻፉ። ጠያቂው ሮቦቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ባይሆን ይሻላል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጠይቁ፤ በሚቀናው ቋንቋ የመለሰ ሰው ያየውን አያሳጥርም።

በመጨረሻው ቀን ሲኒ የማቅረብ ምልክት ሞከርሁ። ሁለቱንም እጆች አብሬ በዝግታ ዘረጋሁ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረግሁ፣ እዚያው አቆየሁት። ቃል አልተናገርሁም። እናታችን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ባዶውን ተቀበሉት።