ያገለገለ መኪና በኢንተርኔት ሲገዙ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

መኪናው፣ ወረቀቱና ባለቤቱ በአንድ ቦታ ሳይገናኙ ገንዘብ ከእጅዎ መውጣት የለበትም። ከዚህ በታች ያሉት ማታለያዎች ከሦስቱ አንዱን ከገዢው ዓይን ለመሰወር የሚደረጉ ናቸው። ስለዚህ አጠራጣሪ ነገር ባዩ ቁጥር «የተሰወረብኝ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ችግር፦ ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሻጩ ግን መኪናውን ማሳየት አይችልም

ሻጩ ለሥራ ሩቅ አገር ሄጃለሁ ወይም መኪናው ማጓጓዣ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ነው ይላል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ መኪናው በእጁ አለመኖሩ ነው፤ ፎቶግራፎቹ ከሌላ ሰው ማስታወቂያ የተወሰዱ ናቸው።

መፍትሄ፦ ፎቶግራፎቹን በኢንተርኔት የምስል ፍለጋ ይፈልጉ። ያው መኪና በሌላ ከተማ፣ በሌላ ዋጋ ብቅ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ፍለጋው ምንም ባያወጣም ሻጩ በቀጥታ ቪዲዮ እንዲደውል ይጠይቁና የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት የሾፌሩ መቀመጫ ላይ እንዲያስቀምጥ ያድርጉ። መኪናው ደጁ ላይ የቆመለት ሰው ይህን ለማድረግ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል።

ችግር፦ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፤ ቶሎ ቀብድ ይላኩ»

የሚጣደፍ ሰው አይመረምርም፤ ጥድፊያው የሚፈጠረውም ለዚሁ ነው። ረቀቅ ያለው አታላይ ደግሞ ገንዘቡን «በአደራ ለሚይዝ ድርጅት» እንዲልኩ ይጠይቅና ሊንክ ይልካል። ድረ ገጹን ያሠራው ራሱ ነው።

መፍትሄ፦ ላላዩት መኪና ቀብድ አይክፈሉ። አደራ ያዥ ካስፈለገ እርስዎ ይምረጡ፤ የተላከልዎትን ሊንክ ሳይጫኑ አድራሻውን በእጅዎ ይጻፉ። መኪናውንና ወረቀቱን አይተው ቀብድ ለመክፈል ከተስማሙም የሻንሲ ቁጥሩ (መኪናው ላይ የተቀረጸው መለያ ቁጥር)፣ የተከፈለው መጠንና ገንዘቡ የሚመለስበት ሁኔታ በውል ይስፈር።

ችግር፦ ቆጣሪው ትንሽ ኪሎ ሜትር ያሳያል፤ መኪናው ግን የደከመ ይመስላል

ዲጂታል ቆጣሪ አይነካካም የሚለው እምነት ብዙ ሰው አስከስሯል። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር በሚገናኝ መሣሪያ ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

መፍትሄ፦ ቁጥሩን ትተው በአጠቃቀም ብዛት የሚያልቀውን ቦታ ይመርምሩ። ጎንበስ ብለው የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ ይዩ። 40,000 ኪሎ ሜትር ብቻ በሄደ መኪና ላይ የላስቲኩ ጥርሶች ተልገው ልሙጥ ሊሆኑ አይገባም። ከዚያ የሾፌሩን መቀመጫ በበሩ በኩል ያለውን ጠርዝ ይዳስሱ፤ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር የሚታሸው እርሱ ነው። መሪው፣ ፔዳሉና የማርሹ እጀታ ብቻ አዲስ ሆነው ካገኟቸውም ለምን እንደተቀየሩ ይጠይቁ።

የጎማው ጎን ላይ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት የሚያመለክቱ አራት አኃዞች አሉ። 2319 ማለት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥቂት ሄዷል የተባለ መኪና አራቱም ጎማዎቹ ከእርሱ ብዙ ዓመት ዘግይተው የተሠሩ ከሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ የት አለቁ? በመጨረሻም ዘይት የተቀየረበትን ካርድ ይፈልጉ። ኮፈኑ ሥር ወይም በሩ ላይ ተለጥፎ የተረሳ ካርድ ከቆጣሪው የበለጠ ኪሎ ሜትር ተጽፎበት ሊገኝ ይችላል።

ችግር፦ ውስጡ በሽቶ ታጥኗል፣ ምንጣፉ አዲስ ነው

አንድ ጊዜ ልገዛው የተቃረብኩት መኪና ውጪው ያብረቀርቅ ነበር። የሾፌሩን የደህንነት ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ዘወትር ተጠቅልሎ በሚቀረው ጫፉ ላይ ቡናማ መስመር ወጣ፤ በጣቴ ሳሸው የደረቀ ደለል ረገፈ። ሻጩ ልጆች ያቆሸሹት ነው አለኝ። ልጅ የማይደርስበት ቦታ ነበር፤ ትቼው ሄድኩ።

ምክንያቱ ጎርፍ ነው። ውኃ የገባበት መኪና ታጥቦና ደርቆ ሲሸጥ ደህና ይመስላል፤ የሽቦዎቹ መገናኛዎች ግን ከውስጥ እየዛጉ ይሄዳሉ፣ ከወራት በኋላም መብራቱ፣ መስኮቱ፣ የአየር ከረጢቱ ሳይቀር እምቢ ይላል።

መፍትሄ፦ ቀበቶዎቹን ሁሉ እስከ ጫፍ ይሳቡ፣ መቀመጫው የሚንሸራተትበትን ብረት በእጅ ባትሪ ይዩ፣ የምንጣፉን ጠርዝ ገልጠው ያሽትቱ። ምልክቱን ካገኙ ዋጋ ለመከራከር እንኳ አይቀመጡ።

ችግር፦ ሲደርሱ ሞተሩ አስቀድሞ ሞቋል

ሻጩ ጠዋት ሲነሳ የሚያስቸግረውን ሞተር አሙቆ ጠብቆዎት ይሆናል። እንደደረሱ ኮፈኑን ይዳስሱ፤ ከሞቀ እስኪቀዘቅዝ ይቆዩ፤ ከዚያ አስነስተው ጭሱን ይዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን፣ ሳያቋርጥ የሚወጣ ወፍራም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይጠቁማል። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሲያዞሩም የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ በርተው መታየት አለባቸው። የሞተሩ ምልክት ጭራሽ ካልበራ ብልሽቱን ለመደበቅ መብራቱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ያለፈውን እርስዎ የመረጡት መካኒክ ይመርምረው፤ ሻጩ የሚያመጣው ሰው አይበቃም።

ችግር፦ ወረቀቱና መኪናው አይገጥሙም

መኪናው የተሰረቀ፣ የባንክ ዕዳ ያለበት ወይም የሌላ ጤነኛ መኪና ቁጥር የተሰጠው ሊሆን ይችላል።

መፍትሄ፦ የሻንሲ ቁጥሩን ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከበሩ ምሰሶና ከተቀረጸበት ብረት ላይ አንብበው ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። በአብዛኞቹ ዘመናዊ መኪኖች 17 ምልክቶች አሉት፤ ከ1 እና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩት ግን አጠር ያለ ቁጥር ስላላቸው በእነርሱ ላይ ማነሱ ብቻውን አያስጠረጥርም። ቁጥሩ ዙሪያ የሞረድ ወይም የብየዳ ምልክት ካለ ይተዉት። ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ከመዝጋቢው መሥሪያ ቤት ራስዎ ያረጋግጡ። በውክልና የሚሸጥ ከሆነም የውክልናውን ትክክለኛነት ከሰጠው አካል ይጠይቁ፤ ባለቤቱንም ያነጋግሩ።

ችግር፦ ገንዘቡ ተልኳል፤ ሻጩ ስልክ አያነሳም

በዚያው ሰዓት ባንክዎን ደውለው ክፍያው እንዲታገድ ይጠይቁ፤ ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ መድረስ የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። መልእክቶቹን፣ ማስታወቂያውንና የክፍያ ደረሰኙን ሳይሰረዙ ያስቀምጡ፤ ይዘዋቸውም ለፖሊስ ያመልክቱ። ከዚያ በኋላ «ገንዘብዎን አስመልስልዎታለሁ፣ አስቀድመው ግን የአገልግሎት ክፍያ ይላኩ» የሚል ሰው ከደወለ ስልኩን ይዝጉ።