ከአሮጌ ላፕቶፕ ጠንካራ የቼዝ ኢንጂን እንዴት ይወጣል?

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ፣ ከእናቴ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነው። የቼዝ ኢንጂኔንም፣ ማለትም ቼዝ የሚጫወተውን ፕሮግራሜን፣ የሠራሁት እዚሁ፣ ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ነው። እናንተም ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የተፈቀዱ እርምጃዎችን ሁሉ የሚያወጣውን ክፍል ጻፉ። ለእያንዳንዱ የጠጠር ዓይነት 64ቱን ቤት በአንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር ያዙ፤ ጠጠሩ ያለበት ቤት 1፣ የሌለበት 0 ይሁን። ቢትቦርድ ይባላል፤ በጣም ፈጣን ነው። ከዚያ ሁለቱም ወገን ተራ በተራ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እርምጃ ቢሄዱ ስንት የተለያየ መንገድ እንዳለ ቁጠሩ። ከመነሻው 20፣ 400፣ 8,902፣ 197,281 መምጣት አለበት። የእኔ እስከዚህ ልክ ነበር። 5ኛው ላይ 4,865,609 መሆን ሲገባው 4,865,351 አለኝ። 258 ጎደለ። ሁለት ሌሊት ፈለግሁ። ለካ አንፓሳንን፣ ሁለት ቤት ተራምዶ ከጎን የቆመን ወታደር በወታደር የመብላትን ሕግ፣ ጭራሽ አልጻፍኩትም! የጎደሉት 258ቱም የአንፓሳን እርምጃዎች ነበሩ። ቁጥሩ ልክ ሳይመጣ እባካችሁ አትለፉ።

ቀጥሎ ጥሩውን እርምጃ የሚያገኘው ፍለጋው ነው፤ ዘዴው አልፋ ቤታ ይባላል። ተጋጣሚ የእናንተን እርምጃ የሚያፈርስ አንድ መልስ ካገኘ ሌሎቹን መልሶች ማየት አያስፈልግም። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው። በየተራው 35 እርምጃ አለ ብንል፣ 4 እርምጃ ወደ ፊት ለማየት የሚመዘን 1,500,625 የመጨረሻ አቀማመጥ አለ። ጥሩው እርምጃ ሁልጊዜ ቀድሞ ቢሞከር 2,449 ይበቃል። ስለዚህ መብላትን አስቀድሙ፤ በወታደር ንግሥት መብላት ከሁሉም ይቅደም።

አዲሱ ነገር ያለው ግን ምዘናው ላይ፣ ማለትም አቀማመጡ ለማን እንደሚያደላ ነጥብ በሚሰጠው ክፍል ላይ ነው። ድሮ ፈረስ 3፣ ግንብ 5 እየተባለ በእጅ ይጻፍ ነበር። በ2018 ዩ ናሱ የተባለ ጃፓናዊ ሾጊ ለሚባለው የጃፓን ቼዝ ኤንኤንዩኢ የሚባል ኒውራል ኔትወርክ፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር የቁጥሮች መረብ፣ አወጣ። በ2020 ስቶክፊሽ 12 የተባለው የቼዝ ኢንጂን ተጠቀመበት። ደስ የሚለው፣ ሲጫወት ውድ ጂፒዩ (የግራፊክስ ፕሮሰሰር) አይጠይቅም።

እናቴ የዱቤ ደብተር አላት። ደንበኛ 50 ብር ሲከፍላት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አትደምርም፤ ከቀሪው ላይ ትቀንሳለች። ኤንኤንዩኢም እንደዚያ ነው። ፈረስ ሲነሳ የለቀቀው ቤት ቁጥሮች ይቀነሳሉ፣ ያረፈበት ይደመራሉ። ሌላው አይነካም። ይሄ ሲገባኝ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ኔትወርካችሁን 768 የመረጃ መግቢያ ባለው ጀምሩ፤ 12 ዓይነት ጠጠር በ64 ቤት ማለት ነው። ኢንጂኑ ከራሱ ጋር ይጫወት። አቀማመጡን፣ የፍለጋውን ነጥብና የጨዋታውን ውጤት አስቀምጡ፤ ኔትወርኩ ከዚያ ይማራል።

አንድ ነገር በቀየራችሁ ቁጥር አሮጌውንና አዲሱን አጋጥሙ። 10 ጨዋታ አይታችሁ አትፍረዱ፤ በሺዎች ይሁን። እኔ ማታ ሱቁ ሲዘጋ አስጀምሬ እተኛለሁ። ጠዋት እናቴ በሩን እየከፈተች «ማን አሸነፈ?» ትለኛለች። አዲሱ ካላሸነፈ፣ ቡናው ሳይፈላ ኮዱን አጠፋዋለሁ።